የዘጌን ቡና ከማሳ እስከ አውሮፓ ወደብ መከታተል፦ ለመመረቂያ ጥናት ብሎክቼይን ያዋጣል?

ጠያቂ፦ የጣናዋ

ጤና ይስጥልኝ። ባህር ዳር በሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው፤ ፕሮፖዛል የማስገባበት ጊዜም ደርሷል። የያዝኩት ርዕስ «ብሎክቼይን በዘጌ ቡና የአቅርቦት ሰንሰለት አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ነው። ለአርሶ አደሮች፣ ለሰብሳቢዎች፣ ለማኅበራትና ለላኪዎች 385 መጠይቅ በትኜ ባለ አምስት ደረጃ መልስ በመሰብሰብ በሪግረሽን ልተነትን ነበር ያሰብኩት። አማካሪዬ «ሰፊ ነው፣ አጥብቢው» አሉኝ።

እንድትረዱኝ የምፈልገው፦ ብሎክቼይን በእርግጥ የዚህ ሰንሰለት መፍትሔ ነው ወይስ ሌላ ነገር ይቀድማል? የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ የማሳ መገኛ ነጥብ ይጠይቃል፤ የዘጌ ቡና ደግሞ ዛፍ ሥር ነው የሚበቅለው። ሳተላይቱ «ደን» ካለው ቡናው ይወድቃል ማለት ነው? በዛፍ ሥር በስልክ ጂፒኤስ መመዝገብስ ምን ያህል ይታመናል? በመጨረሻም ከጅቡቲ ወዲያ ያለውን ጉዞ ላካትት ወይስ ልተወው? የሠራችሁበት ሰዎች በዝርዝር ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።


መልስ፦ ሚዛንና መዝገብ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ ዘዴው ግን ከጥያቄው ጋር አይሄድም። 385 የሚለው ቁጥር የሚመጣው የሕዝቡ ብዛት በማይታወቅበት ጊዜ፣ 95 በመቶ እርግጠኝነትና 5 በመቶ ስህተት ተይዞ ከሚሠራው ቀመር ነው። ቀመሩ ልክ ነው። ነገር ግን ከምትጠይቂያቸው ሰዎች ውስጥ ብሎክቼይን የተጠቀመ ከሌለ የምትለኪው ስለማያውቁት ነገር ያላቸውን ግምት ነው። በዚያ ላይ የሚሠራ ሪግረሽን ስለ ቡናው ምንም አይነግርሽም።

ብሎክቼይን ብዙ ወገኖች የሚጋሩት የኮምፒውተር መዝገብ ነው። የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ የገባ መዝገብ ኋላ ማንም ለብቻው እንዳይለውጠው ያደርጋል። መጀመሪያ የገባው እውነት ይሁን ሐሰት ግን አያውቅም። ሰብሳቢው የሦስት ሰው ቡና በአንድ ጆንያ ደባልቆ የአንዱን ስም ብቻ ቢያስገባ ያ ሐሰት ለዘላለም ሳይለወጥ ይቀመጣል። ጠቃሚ የሚሆነው እርስ በርስ የማይተማመኑ ብዙ ወገኖች አንድ መዝገብ ሲጋሩ ነው። አንድ ዩኒየን ወይም አንድ ላኪ ብቻ የሚያስተዳድረው ከሆነ የለውጥ ታሪክ የሚይዝ ተራ ዳታቤዝ በርካሽ ያንኑ ይሠራል። የመርከብ ድርጅቱ ማርስክና የኮምፒውተር ድርጅቱ አይቢኤም በ2018 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ትሬድሌንስ የተባለ በብሎክቼይን የሚሠራ የጭነት መከታተያ ሥርዓት የሚዘጋ መሆኑን በኅዳር 2022 ሲያስታውቁ የሰጡት ምክንያት ቴክኖሎጂው አልሠራም የሚል አልነበረም፤ የሚያስፈልገው የመላው ኢንዱስትሪ ትብብር አልተገኘም የሚል ነው። የአሜሪካው የችርቻሮ ድርጅት ዋልማርት በብሎክቼይን ማንጎ ከየት እንደመጣ የማወቂያውን ጊዜ ከሰባት ቀን ገደማ ወደ 2.2 ሰከንድ አወረደ እየተባለ የሚጠቀሰውም መዝገብ የመፈለጊያ ጊዜ ነው። መዝገቡ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥበት ጊዜ እዚያ ውስጥ የለም። ፕሮፖዛልሽ ላይ ሁለቱን ለይተሽ ጻፊ፣ ብዙ ጥናት እዚህ ላይ ይንሸራተታል።

የዘጌ ቡና ሰንሰለት የሚበጠሰው በሚደባለቅበት ቦታ ነው። ሦስት ቦታ አለ፤ የሰብሳቢው ጆንያ፣ መቀሸሪያው፣ ከዚያም አዲስ አበባ ላይ ለኤክስፖርት የሚበጠርበትና ሎት (በአንድ ቁጥር አብሮ የሚላክ ቡና) የሚሠራበት መጋዘን። በእነዚህ ሦስቱ ላይ የገባውና የወጣው ኪሎ ካልታረቀ ኪውአር ኮዱም ብሎክቼይኑም ጌጥ ነው።

እርቁ እንዴት ይሠራል? ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ሲቀሸር በግምት ግማሹ ጥሬ ቡና፣ ግማሹ ገለፈት ይሆናል። ከ100 ኪሎ ጀንፈል ከ45 እስከ 55 ኪሎ ብትጠብቂ ልክ ነሽ። አንድ መዝገብ 100 ኪሎ ጀንፈል ገብቶ 68 ኪሎ ጥሬ ወጣ ካለ ከሌላ ቦታ የመጣ ቡና ተጨምሮበታል ወይም ሚዛኑ ተበላሽቷል። እርጥበትም መታሰብ አለበት። 1,000 ኪሎ ቡና በ14 በመቶ እርጥበት ገብቶ እስከ 11.5 በመቶ ቢደርቅ፣ 1,000 ሲባዛ በ86 ሲካፈል ለ88.5፣ 972 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 28 ኪሎ «ጠፋ» ማለት ነው፣ ግን ማንም አልሰረቀም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ ኪሎ ብቻ ሳይሆን የእርጥበት ንባብም ይመዝገብ። ያለዚያ ሌብነትንና ድርቀትን መለየት አትችይም።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቺበት። ይህ እርቅ ለቁጥጥር ነው። በአውሮፓው ደንብ ግን «የታወቀውንና ያልታወቀውን ደባልቄ በመጠን አመጣጥናለሁ» የሚባል አሠራር የተከለከለ ነው፤ ያልታወቀው ቡና በአካል ተለይቶ መቀመጥ አለበት። በሎቱ ውስጥ አንድ ማሳ ከወደቀና ያ ቡና ተለይቶ መውጣት ካልቻለ ሙሉው ሎት ይወድቃል።

ክብደቱን ለማየት ይህን አስቢ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በተለምዶ 320 ጆንያ በ60 ኪሎ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ይጭናል። ለስሌት ያህል አንድ ባለ ይዞታ 0.3 ሄክታር ቢኖረውና ከሄክታር 3 ኩንታል ጥሬ ቢያገኝ 90 ኪሎ ነው። አንድ ኮንቴይነር ለመሙላት 214 ሰው ያስፈልጋል። ግማሹን ለቤትና ለገበያ ካስቀረ 427 ሰው። ከ427 ማሳ አንዱ ሲበላሽ ኮንቴይነሩ በሙሉ እንዳይቆም ሎትን ማሳነስ ምን ያህል ያስከፍላል የሚለው ራሱን የቻለ የጥናት ጥያቄ ነው። እኔ ብሆን ርዕሴን ወደዚህ አመጣዋለሁ።


መልስ፦ ካርታ ሠሪ

የማሳና የደን ጉዳይን እኔ ልመልስ።

ደንቡ ቁጥር 2023/1115 ነው። የመቁረጫ ቀኑ ዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቅና መካከለኛ ድርጅቶች ወደ ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለአነስተኞቹ ወደ ጁን 30 ቀን 2027 ሄዷል። የመቁረጫ ቀኑ ግን አልተነቃነቀም። ግዴታው በቀጥታ የተጣለው አውሮፓ ገበያ በሚያስገባው ነጋዴ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ላኪው፣ ላኪው ወደ ሰብሳቢው እያለ ታች ያወርደዋል።

«ሳተላይቱ ደን ካለው ይወድቃል ወይ» ላልሽው፦ አይወድቅም። በደንቡ ደን የሚባለው ከ0.5 ሄክታር በላይ የሆነ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር የሚረዝሙ፣ ጥላቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን፣ በዋናነት ለእርሻ ያልዋለ መሬት ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ሰብል የሚመረትበት ጥምር እርሻ ከደን ትርጉም ውጭ ተደርጓል። እንግዲህ የዘጌ ማሳ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከድሮውም ጥምር እርሻ ነበር፣ ያኔ ደን አልተመነጠረም። ወይ ደን ነው፣ ቡናው እዚያው ደን ውስጥ እየተለቀመ ደኑ ዛሬም ቆሟል፤ አሁንም አልተመነጠረም። ችግር የሚሆነው ከመቁረጫው ቀን በኋላ ደን ተጨፍጭፎ ወደ እርሻ ከተለወጠ ነው። ለማገዶ ብሎ ቅርንጫፍ መቁረጥ ደኑን ቢያራቁተውም በቡና በኩል ያንን ትርጉም አያሟላም፤ «የደን መራቆት» የሚለው መስፈርት ለእንጨት ውጤቶች ነው። (ለዘጌ ደን ግን የማገዶው ነገር በራሱ ያሳስበኛል። ደንቡ ስላልያዘው ቀላል ነው ማለት አይደለም።)

የአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል ያወጣው የ2020 የደን ካርታ 10 ሜትር ጥራት ያለው ነው፤ ሕጋዊ አስገዳጅነት ግን የለውም። ማሳሽ እዚያ አረንጓዴ መሆኑ ጥፋት አይደለም፤ የሚታየው ከዚያ በኋላ ጠፋ ወይ የሚለው ነው። ይህን በሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስል ስታወዳድሪ ተጠንቀቂ። ክረምት ላይ ደመና ስለሚሸፍን ሁሉም የበጋ ምስል ይወስዳል። በበጋ ደግሞ ብሳናን የመሰሉ ዛፎች ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። የኅዳርን ምስል ከመጋቢት ጋር ካወዳደርሽ ያልተቆረጠ ዛፍ «ተቆረጠ» ይልሻል። የኅዳርን ከኅዳር፣ የጥርን ከጥር ጋር ብቻ አወዳድሪ። ሌላው፣ 0.3 ሄክታር ማለት 30 ፒክስል (10 በ10 ሜትር የሆነ የምስል ነጥብ) ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ጠርዝ ላይ ወድቀው የጎረቤትን ማሳ ወይም የሐይቁን ውሃ ይቀላቅላሉ። በፒክስል ደረጃ ፍርድ አትስጪ።

ስለ ጂፒኤስ። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንዲት ነጥብ ትበቃለች፤ ዘጌ ላይ ባለ 4 ሄክታር አታገኚም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ዙሪያውን መዞር ግዴታ አይደለም። ነጥቧ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ከነጥብ በኋላ ይኑራት ይላል። ስድስተኛው አሃዝ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ስልክ ሜዳ ላይ ጥቂት ሜትር፣ ዛፍ ሥር ደግሞ ከ10 ሜትር በላይ ይስታል። ስድስት አሃዝ ጻፍሽ ማለት ትክክል ሆንሽ ማለት አይደለም። ኦዲኬ ወይም ኮቦ ቱልቦክስ የተባሉት የስልክ መረጃ መሰብሰቢያ ቅጾች ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ የስህተት መጠኑን አብረው ስለሚመዘግቡ ያንን ዓምድ እንዳትሰርዢው። ማሳው መሃል ላይ ክፍት ቦታ ፈልጎ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ብዙ ያሻሽላል።

ከዛፉ ይልቅ የሚያበላሸው የሰው አሠራር ነው። ደጋግሞ የሚታየው ይህ ነው፦

መዝጋቢው ሰዎችን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም ስብሰባ ላይ አግኝቶ እዚያው ይመዘግባል፤ አርባ ሰው አንድ ነጥብ ይኖረዋል። በ10 ሜትር ውስጥ የሚደራረቡ ነጥቦችን ፈልጊ፣ ወዲያው ይወጣሉ።

ስልኩ ኬክሮስን ያስቀድማል፣ ጂኦጄሰን የሚባለው የካርታ መረጃ ፋይል ግን ኬንትሮስን ነው የሚያስቀድመው። ዘጌ በግምት 11.7 ሰሜን፣ 37.3 ምሥራቅ ነው። ከተገለበጠ ማሳው ቱኒዚያና ሲሲሊ መካከል ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ይወድቃል። ኬክሮስ ከ11.6 እስከ 11.8፣ ኬንትሮስ ከ37.2 እስከ 37.5 ካልሆነ ቅጹ እንዳይቀበል አድርጊ።

የቆየ ካርታ ወይም የመሬት መዝገብ በአዲንዳን ዳተም (መገኛ ነጥብ የሚለካበት የቀድሞ መነሻ) ሊሆን ይችላል። የአዲንዳንን ዩቲኤም (በሜትር የሚጻፍ መገኛ) ቁጥር ሳትለውጪ ጂፒኤስ እንደሚጠቀምበት እንደ ደብሊውጂኤስ 84 ዳተም ብታስገቢው ነጥቡ 200 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ 90 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይሸሻል። ሐይቅ ዳር ያለ ማሳ ጣና ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው። ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ በእኩል ርቀት ከሸሹ ዳተም ነው፤ በተለያየ አቅጣጫ ከተበተኑ ጥላው ነው።

ኤክሴል ደግሞ የመጨረሻዋን ዜሮ ያነሳል፤ 37.334120 የነበረው 37.33412 ሆኖ አምስት አሃዝ ይቀራል። ዓምዱን ጽሑፍ አድርገሽ ያዢው።


ጠያቂ፦ የጣናዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ርዕሴን ወደ መደባለቂያ ቦታዎቹና ወደ ሎት መጠን ላዞረው ነው። ሁለት ነገር ልጨምር፦ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ቦታ ማሳ ካለውና ስሙ በየመዝገቡ በተለያየ ፊደል ከተጻፈ እንዴት ነው የማዛምደው? ደግሞስ ለመስክ ሥራ የትኛው ወር ይሻላል?


መልስ፦ አፋፍ መንገድ

ለወሩ ልመልስ። የዘጌ ለቀማ በብዛት ከኅዳር እስከ ጥር ነው። የርክክብን መዝገብ ለመከታተል ከኅዳር አጋማሽ ጀምረሽ እዚያው መሆን አለብሽ። ግን ጥር ላይ ዘግተሽ አትውጪ። ብዙው ሰው ቡናውን በጀንፈል አስቀምጦ ገንዘብ ሲያስፈልገው ጥቂት ጥቂት ኪሎ እያወጣ ገበያ ይሸጣል። የዘጌ ቡና ትልቁ መንገዱ የአገር ውስጥ ገበያ እንደሆነ አትርሺ። ሚያዝያ ላይ የሚሸጠው ጀንፈል ከዚህ ዓመት ይሁን ካለፈው በሰነድ የሚያረጋግጥልሽ የለም። ደንቡ የምርት ጊዜም ስለሚጠይቅ ይህ ትልቅ ቀዳዳ ነው። ቢያንስ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለውን የገበያ ቀን ሽያጭ መያዝ ይኖርብሻል።

ኡራና ይጋንዳ ሁለቱንም ቀበሌ ያዢ። ቡናው የቤተሰብ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የገዳማትና የአብያተ ክርስቲያናት ይዞታ የሆነም አለ። በይዞታ ስም የሚመዘገበው አንድ፣ የሚለቅመው ሌላ፣ የሚሸጠው ሦስተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ቅጽሽ ላይ ሦስቱንም ለየብቻ ጠይቂ። ወደ ገዳማቱ ስትሄጂ መጀመሪያ አስተዳዳሪውን ወይም የሚመለከታቸውን አባቶች አስፈቅጂ። ሴት የማትገባባቸው ገዳማት ስላሉ ለዚያ ክፍል ወንድ መዝጋቢ አዘጋጂ።

ማድረቂያውንም ተመልከች። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ጣዕም ይይዛል፣ ከጎረቤት ስጥም ጋር ይቀላቀላል። ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ የሚያደርቅ ሰው ግን አልጋውን ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ጥራትና ክትትል አንድ ቦታ የሚገናኙት አልጋው ላይ ነው።


መልስ፦ ካርታ ሠሪ

ስም ማዛመድን በስም ብቻ አትሞክሪው። ማሳ የራሱ መለያ ይኑረው፣ ሰው የራሱ። የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ያለው የማሳ ቁጥር ካለ እሱን፣ ለሰው ደግሞ የፋይዳ ቁጥር ካለ እሱን ያዢ፤ ከሌለ የማኅበሩን የአባልነት ቁጥር። አንድ ሰው ሦስት ማሳ ካለው ሦስት ነጥብ፣ ሦስት የምርት ግምት ነው።

ስም የግድ ከሆነ ከማዛመድሽ በፊት ፊደሉን አንድ አድርጊ፤ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ሀ እና ሃም እንዲሁ አንድ ይሁኑ። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው። ቄስ፣ መሪጌታ፣ ወ/ሮ የሚሉት በሌላ ዓምድ ይግቡ። የአያት ስም ሳይያዝ የተመዘገበ መዝገብ ካለ ብዙ ሞክሼ ይጠብቅሻል።

ሰዓትና ቀንም እንዲሁ። አንዱ መዝጋቢ «3 ሰዓት» ብሎ ጠዋት ሦስትን ይጽፋል፣ ሥርዓቱ ሌሊት 9 ሰዓት ያደርገዋል፤ ቡናው ሳይለቀም የተሸጠ ይመስላል። ቅጹ ሰዓቱን ከስልኩ ራሱ እንዲወስድ አድርጊ፣ የኢትዮጵያ ቀን ለብቻው ይጻፍ።

በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አለን። የሰው ስም ከማሳው ነጥብ ጋር ተያይዞ ለላኪ ወይም ለውጭ ገዢ የሚሄድ ከሆነ ፈቃዱን በሚገባው ቋንቋ አንብበሽለት አስፈርሚ፤ ለጥናት የፈቀደው ለንግድ ፈቀደ ማለት አይደለም።


መልስ፦ ከሞጆ ወዲያ

ከጅቡቲ ወዲያ ያለውን ላካትት ወይ ላልሽው፣ አስተያየቴ ትንሽ ይለያል። ሙሉ በሙሉ ከተውሽው ርዕስሽ ዓለም አቀፍነቱን ያጣል። ሁሉን ከያዝሽ ደግሞ አትጨርሺውም። አንድ ነገር ብቻ ውሰጂ፤ የጊዜውን መዋዠቅ።

ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገራችን የውጭ ንግድ በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲጠቁ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ። የእስያና የአውሮፓ ጉዞ 10 እስከ 14 ቀን ያህል ተጨመረበት። ከጅቡቲ የሚነሳ ኮንቴይነር ብዙ ጊዜ ሌላ ወደብ ላይ መርከብ ስለሚቀይር ትልቁ መርከብ ሲያመልጠው ቀጣዩን ይጠብቃል። አማካይ ቀኑን ብቻ የሚጽፍ ጥናት ይህን ይደብቀዋል። መካከለኛውንና ከመቶ ዘጠናው የሚገባበትን ቀን ለየብቻ አሳዪ።

ይህ ለምን እንደሚከብድ በስሌት ላሳይ፣ በገቢ ዕቃ በኩል። ጣና ዳር ለሚሸጥ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ የቀን ፍላጎት 10፣ የፍላጎቱ መዋዠቅ 3፣ የማስመጫ ጊዜ 90 ቀን፣ የጊዜው መዋዠቅ 25 ቀን ይሁን። ለ95 በመቶ ዋስትና መጠባበቂያ ክምችቱ 1.65 ሲባዛ በሚከተለው ድምር ስኩዌር ሩት ነው፦ 90 ሲባዛ በ9፣ ሲደመር 100 ሲባዛ በ625 (9፣ 100 እና 625 የ3፣ የ10 እና የ25 ካሬ ናቸው)። 415 ፍሬ ይመጣል። አሁን ፍጹም የሆነ የፍላጎት ትንበያ አገኘሽ እንበል፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሁን በሌላ፤ መዋዠቁ ዜሮ ሆነ። 413 ነው። ሁለት ፍሬ ብቻ ቀነሰ። የጊዜውን መዋዠቅ ከ25 ወደ 10 ቀን ብታወርጂ ግን 172 ይሆናል። እኛ አገር በትንበያ ሶፍትዌር ላይ የሚወጣው ገንዘብና የጥናት ጊዜ ለጉምሩክ ሰነድ፣ ለትራንዚትና ለጭነት መኪና ምልልስ ቢውል የበለጠ እንደሚመልስ ቁጥሩ ይናገራል። ሁሉም ግን ትንበያ ላይ ይሻማል፣ ዳታው በቀላሉ ስለሚገኝ።

ለቡናው ደግሞ መዘግየት ማለት እርጥበት ነው። ቡናው ከ10 እስከ 11.5 በመቶ ደርቆ ካልተጫነ ጅቡቲ ላይ በቀን ሙቀት ውሃውን ይተነፍሳል፣ ባሕር ላይ ጣሪያው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ጤዛ ሆኖ ከላይ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ሻጋታው የሚጀምረው ከላይኛው ድርድርና ከበሩ አካባቢ ነው። ግድግዳውና የላይኛው ድርድር በክራፍት ወረቀት ይሸፈን፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ይንጠልጠል፣ ወለሉ ከመጫኑ በፊት ይለካ፤ የታጠበ ኮንቴይነር ወለሉ እርጥብ ሆኖ ይመጣል። የሙቀትና እርጥበት መመዝገቢያ ካገኘሽ ሁለት አድርጊ፤ አንዱ በሩ ጋ ጣሪያው ሥር፣ አንዱ መሃል ጆንያዎቹ መካከል። በየ15 ደቂቃው ቢመዘግብ በ30 ቀን 2,880 ንባብ ነው፣ የመመዝገቢያው ማህደረ ትውስታ ይህን መያዙን አስቀድመሽ አረጋግጪ። የእርጥበት መለኪያሽ ለቡና የተስተካከለ ይሁን፤ የስንዴ ወይም የበቆሎ ምርጫ ላይ ተትቶ የሚለካ ብዙ ነው። ማመሳከሪያው በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ 16 ሰዓት በምድጃ የማድረቅ ዘዴ ነው።


መልስ፦ ሚዛንና መዝገብ

«ከሞጆ ወዲያ» ያሉት የመዋዠቁ ስሌት ግሩም ነው፤ ግን ለአንድ ማስተርስ ሁለት ጥናት እንዳይሆንባት እፈራለሁ። እኔ የምመክረው፣ ዋናው ጥናት ወደ ኋላ የመከታተል ሙከራ ይሁን፤ የባሕሩ ክፍል የሎት መጠንን በሚወስንበት ቦታ ብቻ ይግባ።

ሙከራው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ መጋዘን የደረሰ ሎት ትመርጫለሽ። ከ320 ጆንያ በየአምስተኛው እየዘለልሽ 60 ያህል ትወስጂያለሽ፤ የመጀመሪያው ከ1 እስከ 5 በዕጣ ይለይ። ለእያንዳንዱ ጆንያ ከሰነዱ ብቻ ተነስተሽ ወደ ኋላ ትሄጃለሽ፦ የሎት ቁጥር፣ የመቀሸሪያ ደረሰኝ፣ የሰብሳቢ መዝገብ፣ ማሳ። ሦስት ነገር ትለኪያለሽ፤ እስከ ማሳ የደረሰው ስንት በመቶ ነው፣ ያልደረሰው የት ቦታ ተበጠሰ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ። በ60 ናሙና መቶኛው በከፋ ጊዜ ሲደመር ሲቀነስ 13 ነጥብ ያህል ይስታል፤ ወደ 10 ለማውረድ 96 ያስፈልግሻል። ስልሳውም ቢደርሱ እንኳ «መቶ በመቶ» ብለሽ አትጻፊ፤ ሊቀር የሚችለው ስህተት እስከ 5 በመቶ ነው። ቀጥሎ ኪሎውን ከእርጥበቱ ጋር ታርቂያለሽ።

የመረጃ አወቃቀሩን ከባዶ አትፍጠሪ። ጂኤስዋን የተባለው ድርጅት ያወጣው ኢፒሲአይኤስ የሚባል የዕቃ ክትትል መረጃ መስፈርት እያንዳንዱን ክስተት በምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ይከፍለዋል፤ በ2022 የወጣው ሁለተኛው እትም የሴንሰር ንባብም ይቀበላል። መቀሸርና መደባለቅ በዚያ ውስጥ «ለውጥ» የሚባለው ክስተት ናቸው፤ የገቡት ሎቶች ዝርዝርና የወጣው አዲስ ሎት አንድ ላይ ይመዘገባሉ። በወረቀት ቅጽ ብትጀምሪም ዓምዶቹን በዚህ ቅደም ተከተል አድርጊ፣ ኋላ ወደ የትኛውም ሥርዓት ይገባል። ለኤክስፖርት ሲበጠር የሚወጣው ተረፈ ምርትም ክስተት ነው፤ ካልመዘገብሽው እርቁ በፍጹም አይዘጋም።


ጠያቂ፦ የጣናዋ

ይህን ሁሉ ስለሰጣችሁኝ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። አንድ የመጨረሻ፦ ጆንያው ላይ የሚለጠፈው ኪውአር መቀሸሪያ እስኪደርስ ይቆያል? በጀልባና በአህያ እንደሚጓጓዝ አስቡልኝ።


መልስ፦ አፋፍ መንገድ

የሚለጠፍ ከሆነ አይቆይም። ሙጫው አቧራ በያዘ ጆንያ ላይ አይይዝም፣ የሱቅ ደረሰኝ ዓይነቱ የሙቀት ወረቀት ደግሞ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይነጣል። በጆንያው አፍ ስፌት ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ካርድ አድርጊ፤ በኪውአሩ ሥር ቁጥሩ በዓይን እንዲነበብ በትልቁ ይጻፍ፤ ስልክ ባትሪ ሲጨርስ በእጅ ይቀዳል። የቁጥሩ የመጨረሻ አሃዝ ከሌሎቹ አሃዞች የሚሰላ ማረጋገጫ አሃዝ ይሁን፣ ተሳስቶ የተቀዳ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛ ቅጂ በትንሽ ፌስታል ታሽጎ ጆንያው ውስጥ ይግባ።

ካርዱ ስፌቱ ሲፈታ ተቀዶ መውጣት አለበት፣ ተመልሶ እንዳያገለግል። የተቀደደው ግማሽ መቀሸሪያው ላይ ከደረሰኙ ጋር ይታሰር። በዚህ ዓመት የተረፈውን ካርድ ለሚቀጥለው ዓመት አታሳድሪ፤ ቁጥሩ ላይ ዓመተ ምህረቱ ይግባ። ጀልባ ላይ የሚጫን ጆንያ ከታች ውሃ ስለሚነካው ካርዱ በአፉ በኩል እንጂ በታች ስፌት አይሁን።